ባህር ወለል ላይ የተኛው ዋልካ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጭቃ ነው። ጭቃው ከእኛው ደጋ፣ ከጎጃምና ከጎንደር፣ ከወሎና ከሸዋ ታጥቦ የሄደ ነው። አሁን ያለው ግን ከግብፅ በስተሰሜን፣ ሜዲትራኒያን ባህር ወለል ላይ ነው፤ ኪሎ ሜትሮች የሚደርስ ውሃ ተጭኖታል። እዚያ ጨለማ ውስጥ የዓመቱ ደለል በዓመቱ ላይ እየተነባበረ ኖሯል። የእኛ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የነገሥታቱን ዘመቻ ጽፈዋል፣ ረሃቡንና ቸነፈሩንም ጽፈዋል። ከእነሱ በፊት በነበሩት ሺህ ዓመታት ክረምቱ እንዴት እንደበረታና እንዴት እንደከዳ ያቆየልን ግን ያ ጭቃ ነው። ዘመን ስጠራ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝና ልቀጥል።

በ1947 አልባትሮስ የምትባል ባለ አራት ምሰሶ መርከብ ከስዊድን፣ ከጎተንበርግ ወደብ ተነሳች። ዓለምን ዞራ ለመመለስ 15 ወር ፈጀባት። የጉዞው መሪ ሃንስ ፔተርሶን ነበር። ከባልደረቦቹ አንዱ ቦርዬ ኩለንበርግ ይባላል፤ ይህን ስም አጥብቃችሁ ያዙት፣ ብልሃቱ የሱ ነውና። ከሱ በፊት የጥልቅ ባህር ጭቃ የሚወጣው ከባድ ብረት የታሰረበትን ቧንቧ በገመድ ለቆ ወለሉ ላይ በመሰንቀር ነበር። ቧንቧው ጥቂት እንደገባ ጭቃው ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ይጨናነቅና እምቢ ይላል። ከሁለት ከሦስት ሜትር በላይ ማውጣት ብርቅ ነበር። ኩለንበርግ ቧንቧው ውስጥ ፒስተን አስገባ። ቧንቧው ቁልቁል ሲወረወር ፒስተኑ ጭቃው አፍ ላይ ተይዞ ይቀራል። በዚያን ጊዜ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ጭቃውን ሳይታሽና ሳይጨናነቅ ወደ ቧንቧው ያስገባዋል። በዚህ መንገድ ከ15 ሜትር የሚረዝም የደለል ዓምድ ማውጣት ተቻለ።

15 ሜትር ጭቃ ምን ይረባል ትሉኝ ይሆናል። ከዳርቻ ርቆ ባለው ጥልቅ ወለል ላይ በአንድ ሺህ ዓመት የሚከማቸው ደለል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከአክሱም ዘመን እስከ ዛሬ ያለው ጊዜ በሙሉ አንድ ጣት የምታህል ጭቃ ውስጥ ይገባል። 15 ሜትሩ ስንት መቶ ሺህ ዓመት እንደሚይዝ እናንተው አስሉት።

አልባትሮስ ፓስፊክንና ህንድ ውቅያኖስን አቋርጣ፣ በቀይ ባህር በኩል አልፋ ሜዲትራኒያን ገባች። ከምሥራቃዊው ሜዲትራኒያን የወጡት ዓምዶች ሲከፈቱ መልካቸው ለየት ያለ ነበር። ደለሉ ፈዛዛ ነው፤ ነጣ ያለ ግራጫ። በመሃል ድንገት ጥቁር ንጣፍ ይመጣል። ከዚያ ፈዛዛው ይመለሳል። ዝቅ ሲሉ እንደገና ጥቁር። የጥቁሩ ውፍረት አንዳንድ ቦታ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሌላ ቦታ ከዚያ ይበልጣል። እነዚህን ጥቁር ንጣፎች ሊቃውንቱ ሳፕሮፔል ይሏቸዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ የውቅያኖስ ቁፋሮ ፕሮግራም መርከብ እዚያው ባህር ሄዳ ይበልጥ ጠልቃ ስትቆፍር ከ80 የሚበልጡ ጥቁር ንጣፎች ተቆጠሩ። ነገሩ አንድ ጊዜ ደርሶ ያለፈ አጋጣሚ አልነበረም፤ ባህሩ ደጋግሞ የታመመው ሕመም ነበር።

ሕመም ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ጥቁሩ ቀለም የሚመጣው ሳይበሰብስ ከቀረ የሕያዋን ቅሪት ነው። በባህሩ ላይኛው ክፍል የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ሲሞቱ ወደ ወለሉ ይወርዳሉ። በደህናው ጊዜ ታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ስላለው ሬሳው ይበሰብሳል፣ ደለሉም ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል። ጥቁሩ ንጣፍ ውስጥ ግን ወለል ላይ ይኖሩ የነበሩት ጥቃቅን ዛጎል ለባሾች ጭራሽ አይገኙም። በምትካቸው ፓይራይት አለ፤ ብረትና ድኝ የተዋሃዱበት፣ ወርቅ የሚመስል ማዕድን ነው። ፓይራይት ደለል ውስጥ እንዲህ በብዛት የሚሠራው ኦክስጅን ሲጠፋ ነው። አንዲት የማዕድን ቅንጣት፣ በማጉያ መነጽር ካልሆነ የማትታይ፣ በዚያ ዘመን ያ ጥልቅ ውሃ ትንፋሽ እንዳጣ ትነግራችኋለች።

ታዲያ ባህሩን ማን አፈነው? ሜዲትራኒያን የሚተነፍሰው በብርድ ወራት ነው። ላይኛው ውሃ ሲበርድና ጨውነቱ ሲበረታ ይከብዳል፣ ኦክስጅኑን ይዞ ወደ ታች ይሰምጣል። ብዙ ጨው አልባ ውሃ ከላይ ከፈሰሰበት ግን እሱ ቀላል ስለሆነ አይሰምጥም፤ እንደ ድስት ክዳን ከላይ ይገጥምና ታች ያለውን አየር ይነሳዋል። ስለዚህ ጥያቄው ያ ሁሉ ጨው አልባ ውሃ ከየት መጣ የሚል ሆነ። ስዊድናዊው ኤሪክ ኦላውሶን በ1961 ሲጽፍ ጣቱን ወደ ሰሜን ቀሰረ፦ የአውሮፓ በረዶ ሲቀልጥ በጥቁር ባህር በኩል የፈሰሰ ውሃ ነው አለ። ብዙ ሰው አመነው። አውሮፓዊ ባህር፣ አውሮፓዊ በረዶ፤ ሁሉም ቅርብ ለቅርብ ነው።

ከሃያ ዓመት በኋላ ግን አንዲት ፈረንሳዊት ተነሳች። ማርቲን ሮሲኞል-ስትሪክ ትባላለች፤ የጥንት የአበባ ዱቄት አጥኚ ናት። የጥቁር ንጣፎቹን ዕድሜ በየዘመኑ ምድር ላይ ከደረሰው የፀሐይ ሙቀት ስሌት ጋር አስተያየችው። በ1982 እና በ1983 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጣቻቸው ጽሑፎች ጥቁሮቹ የተነጠፉት በእኛ ክረምት ወራት ፀሐይ በሰሜናዊው የምድር ገጽ ላይ በበረታባቸው ዘመናት መሆኑን አሳየች። በእነዚያ ዘመናት የሚበረታው ደግሞ የአፍሪካ የክረምት ዝናብ ነው። ውሃው የመጣው ከሰሜን አይደለም፤ ከደቡብ፣ በናይል በኩል ነው አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ የነገሩ ሥር ያለው ሰማይ ላይ ስለሆነ። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ልክ ያለ ክብ ስላልሆነ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ ትቀርባለች። ዛሬ የምትቀርበው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ፣ ገና ሲዳረስ ነው። የምትቀርብበት ወቅት ግን ለዘለዓለም አንድ አይደለም፤ የምድር ዛቢያ ቀስ ብሎ ስለሚዞር በአማካይ በ21 ሺህ ዓመት አንድ ዙር ይሞላል። ከ11 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው በእኛ ክረምት ወራት ነበር። የሰሜን አፍሪካ ምድር ይበልጥ ጋለ፣ እርጥብ ንፋስ ከውቅያኖስ በብዛት ተሳበ፣ ዝናቡ ወደ ሰሜን ዘልቆ ገባ። የሰማዩ ዙር የአየር ጠባይን እንደሚነዳ ሰርቢያዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች ቀድሞ አስልቶት ነበር። በ1976 ሄይስ፣ ኢምብሪ እና ሻክልተን የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ከህንድ ውቅያኖስ ደቡባዊ ክፍል በወጣ ደለል አረጋገጡለት።

በዚያ እርጥብ ዘመን የእኛ አገር ምን ትመስል እንደነበር ልንገራችሁ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ተገናኝተው አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ። ጣና ከዚያ በፊት፣ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ደርቆ ነበር፤ ወደ 15 ሺህ ሲቃረብ ሞልቶ ወደ ዓባይ ፈሰሰ። የሰሃራ ምድር ሣር ለበሰ፤ ጉማሬና አዞ ዛሬ አሸዋ ብቻ በሆነበት ቦታ ኖሩ።

ይሁንና የዘመን መገጣጠም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዝናቡ በርትቶ ነበር ማለት አንድ ነገር ነው፤ ያ ባህር ወለል ላይ ያለው ጭቃ ከኢትዮጵያ የሄደ ነው ማለት ሌላ። ለዚህ ጭቃው ራሱ መጠየቅ ነበረበት። እኔም ይህን ወግ የጀመርኩት ለዚህ ነው፤ ጭቃው ሲጠየቅ የሚመልሰው በማዕድን ነውና።

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዛሬው ደጋችን እሳት ነበር። ምድር ተሰንጥቃ ቅልጥ ድንጋይ እየፈሰሰ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየረጋ ቆየ። ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ዓባይና ተከዜ የሚሸነሽኑት ገደል ይኸው ነው፤ የስሜን ተራራም በዚያ እሳት የተነባበረ ጥቁር ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ በዝናብና በፀሐይ ሲበሰብስ ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ይወልዳል። ስሜክታይትን ስሙን ባታውቁትም እሱን ታውቁታላችሁ። ዋልካ መሬት ያረሰ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሰነጠቀው፣ በክረምት ደግሞ አብጦ ማረሻ የሚይዘው አፈር ባህሪው የሚመጣው ከስሜክታይት ነው። የማዕድኑ ንብርብሮች መካከል ውሃ ይገባል፤ ሲገባ ያብጣል፣ ሲወጣ ይሸበሸባል።

ቤተ ሙከራ ውስጥም የሚለዩት በዚሁ ጠባዩ ነው። የባህሩን ደለል በውሃ በጥብጠው ከሁለት ማይክሮን የሚያንሰውን ደቃቅ ብቻ ያስቀራሉ። ብርጭቆ ላይ ያደርቁትና በኤክስሬይ ንብርብሮቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ ይለካሉ። ከዚያ ኤትሊን ግላይኮል የተባለ ፈሳሽ እንፋሎት ያጠጡትና እንደገና ይለካሉ። ስሜክታይት ከሆነ ያብጣል፤ ርቀቱ ከ14 ወይም ከ15 አንግስትሮም ወደ 17 ይዘላል። ኢላይት ወይም ካኦሊናይት የተባሉት ሌሎቹ ሸክላዎች ከሆኑ ንቅንቅ አይሉም። ከናይል አፍ ፊት ለፊት ያለው የሜዲትራኒያን ደለል በስሜክታይት የበለጸገ ነው።

ስሜክታይት ብቻውን ግን አይበቃም፤ በሌላ አገርም ይገኛልና። ሁለተኛው ምስክር ፓይሮክሲን ነው፤ ከእሳት ድንጋይ የሚወጣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቅንጣት። ይህን የሚለዩት በክብደቱ ነው። ደለሉን ከውሃ ሦስት እጥፍ ያህል የሚከብድ ፈሳሽ ውስጥ ይጨምሩታል። ተራው የአሸዋ ኳርትዝ ይንሳፈፋል፣ ፓይሮክሲን ይሰምጣል። የሰመጠውን ሰብስቦ በማጉያ መነጽር ፍሬ በፍሬ መቁጠር ነው። በ1989 አላን ፉኮ እና ከስሚዝሶኒያን ተቋም ዳንኤል ስታንሊ የናይል ዴልታን ደለል እንዲህ ቆጥረው የምሥራቅ አፍሪካን አየር ጠባይ መለዋወጥ አነበቡበት። ፓይሮክሲን ከደጋችን ጥቁር ድንጋይ ይመጣል። አምፊቦል የተባለው ሌላው ከባድ ቅንጣት በአብዛኛው የሚመጣው እጅግ ካረጀው የአፍሪካ መሠረት ድንጋይ ነው። የሁለቱ ሚዛን ወዲህና ወዲያ ሲል ወንዙ የትኛውን አገር አፈር ይበልጥ እንደተሸከመ ይታወቃል።

ሦስተኛው ምስክር ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ነው፤ ስትሮንቲየም። ሩቢዲየም የሚባል ንጥረ ነገር በዝግታ፣ በብዙ ቢሊዮን ዓመት፣ ወደ ስትሮንቲየም 87 ይለወጣል። ስለዚህ ያረጀና ሩቢዲየም የበዛበት ድንጋይ ስትሮንቲየም 87 ይበዛበታል። የእኛ ጥቁር ድንጋይ ከምድር ሆድ የወጣው በቅርብ ነው፣ ሩቢዲየሙም ጥቂት ነው። የስትሮንቲየም 87 እና 86 ሚዛን በእኛ ድንጋይ 0.704 ገደማ ሲሆን፣ በሰሃራ አቧራና በነጭ ዓባይ አገር ድንጋይ ግን ከ0.71 ያልፋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም መሣሪያው አይስተውም። አፈሩ ወንዝ ይውረድ፣ ባህር ይግባ፣ ሺህ ዓመት ይቀበር፤ ይህ ሚዛን የተወለደበትን ድንጋይ አይክድም።

ሦስቱ ምስክሮች ሲገናኙ ነገሩ ጠራ። ናይል ወደ ባህር ያወርደው ከነበረው ደለል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዓባይና ከተከዜ የሚሄድ ነበር። ነጭ ዓባይ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ቢያመጣም ጭቃውን ደቡብ ሱዳን ያለው የሱድ ረግረግ ያስቀርበታል። እነሆ፣ ከቆጵሮስ በስተደቡብ ባለ ወለል ላይ የተኛው ጭቃ የስሜንና የጮቄ ልጅ መሆኑ ታወቀ።

ዝናብ የሚጽፍ ካለ ድርቅም የሚጽፍ አለው። ዝናቡ ሲሸሽ ሰሃራ ይራቆታል፣ ንፋሱም አቧራውን አንስቶ ባህር ላይ ይበትነዋል። ከአቧራው ጋር ሄማታይት ይሄዳል፤ የበረሃን አሸዋ የሚያቀላው የብረት ማዕድን ነው። ማግኔታዊ ጠባይ ስላለው መጠኑን በማግኔት መለካት ይቻላል። ሁዋን ክሩስ ላራሶኛና ባልደረቦቹ በ1995 ከቆጵሮስ በስተደቡብ ከተቆፈረው፣ ሳይት 967 ከሚባለው ዓምድ፣ ሦስት ሚሊዮን ዓመት የሚሸፍን የሄማታይት መዝገብ አውጥተው በ2003 አሳተሙ። ሄማታይቱ ሲያንስ ጥቁሩ ንጣፍ ይመጣል፤ ሄማታይቱ ሲበዛ ደለሉ ፈዛዛ ይሆናል። በኋላ ጥናቱን ወደ ኋላ ሲገፉት ባለፉት ስምንት ሚሊዮን ዓመታት ሰሃራ ከ230 ጊዜ በላይ አረንጓዴ እንደሆነ አስሉ። ይህን ቁጥር ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነስቻለሁ። ያ በረሃ ሁልጊዜ በረሃ የነበረ የሚመስለው ስንት ሰው ነው!

ጥቁሩ ንጣፍ ግን ተንኮል አለው። ኦክስጅኑ ሲመለስ ከላይ ጀምሮ ጥቁሩን ይበላዋል፣ ንጣፉም ከእውነተኛው ዕድሜው ያጠረ ይመስላል። እዚህም ላይ ማዕድን ደረሰ። ባራይት የሚባለው የባሪየም ማዕድን የባህር ፍጥረታት ሬሳ ሲበሰብስ የሚፈጠር ነው፤ ኦክስጅን አይበላውም። ጥቁሩ ቢጠፋም ባራይቱ እቦታው ይቀራል። በላዩ ደግሞ የማንጋኒዝ ቀጭን ንጣፍ ይታያል፤ እሱ ኦክስጅን የተመለሰበት ቀን ማኅተም ነው። ኼርት ደ ላንኸ እና ባልደረቦቹ ባሪየሙንና ማንጋኒዙን ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ብዙ ዓምዶች ለክተው በ2008 የመጨረሻውን ጥቁር ንጣፍ ዕድሜ ቆረጡት፦ ከ10 ሺህ 800 ዓመት በፊት ጀምሮ 6 ሺህ 100 ዓመት በፊት ላይ ያበቃል። በመላው ባህር በአንድ ጊዜ ጀመረ፣ በአንድ ጊዜ አበቃ።

አሁን ደግሞ ሊቃውንቱ ወደተለያዩበት ጉዳይ ልውሰዳችሁ፤ እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ብዙ ዝናብ ማለት ብዙ ደለል ማለት ነው? በመጀመሪያ ሲሰማ መልሱ አዎ ይመስላል። ማሪ ሬቬልና ባልደረቦቿ ከናይል አፍ ፊት ለፊት፣ ከጥልቁ ባህር ባወጡት 100 ሺህ ዓመት የሚሸፍን ዓምድ ላይ በእርጥቡ ዘመን ብረት የበዛበት የኢትዮጵያ ደለል በርክቶ፣ በደረቁ ዘመን የሰሃራ አቧራ ተክቶት አግኝተዋል። ማይክል ክሮምና ጓደኞቹ ደግሞ በ2002፣ ከዴልታው ከማንዛላ ሐይቅ በወጣ ዓምድ ያለፉትን 7 ሺህ ዓመታት ሲያነብቡ ተቃራኒውን አዩ፦ ዝናቡ ሲቀንስ የእኛ ደጋ ምልክት ጎልቶ ይወጣል። የሰጡት ምክንያት ቀላል ነው። ዝናብ ሲበረክት ደጋው ደንና ሣር ይለብሳል፣ ሥሩ አፈሩን ይይዛል። ዝናብ ሲያጥር ተዳፋቱ ይራቆታል፤ ከዚያ የምትመጣው አጭር የክረምት ዶፍ የተራቆተውን አፈር ጠራርጋ ትወስደዋለች። በዚያ ላይ የነጭ ዓባይ ድርሻ ያንሳል።

እኔ ለክሮም ልቤ ያደላል። ቁጥሩን ከሱ የበለጠ ስለማውቅ አይደለም፤ ወሎ ላይ ወይም ሰሜን ሸዋ ላይ የተራቆተ ዳገት ከዶፍ በኋላ ያየ ሰው ክሮም የሚለውን ነገር ወዲያው ያምናልና። ይሁንና ሬቬልም ያነበበችው እውነት ነው። አንዱ የወሰደው ከዴልታ ነው፣ ሌላዋ ከጥልቁ። አንዱ ሰባት ሺህ ዓመት ያነብባል፣ ሌላዋ መቶ ሺህ። ባህር ላይ የሚደርሰው ደለል ስንት ነው የሚለውና ከደለሉ ስንት እጁ የኢትዮጵያ ነው የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው። አንድ ማዕድን ዝናብንም ዕፅዋትንም በአንድ ቃል ስለሚናገር፣ አንባቢው ሌላ ምስክር ሳይጠራ መፍረድ የለበትም።

በዚያው የዴልታ ደለል ላይ ከ4 ሺህ 200 ዓመት ገደማ በፊት የስትሮንቲየሙ ሚዛን ወደ ታች ያሽቆለቁላል። ያ ዘመን ግብፅ ውስጥ ፒራሚዶቹን የገነባው የጥንቱ መንግሥት የፈረሰበት ነው። በደቡብ ግብፅ፣ ሞዓላ ላይ፣ አንክቲፊ የተባለ ገዥ መቃብሩ ግድግዳ ላይ ሕዝብ እንደተራበ አስጽፏል። ስታንሊ፣ ክሮምና ሌሎች ባልደረቦቻቸው በ2003 ያንን ረሃብ ከእኛ ክረምት መክዳት ጋር አያያዙት። የመንግሥት መፍረስ ብዙ ምክንያት አለው፣ ሁሉንም በዝናብ ላይ መጫን አይገባም። ነገር ግን እኔን የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነው። በግብፅ የተራበው ሰው በድንጋይ ላይ ተጽፎለታል። በዚያው ዓመት፣ ዝናቡ በቀረበት ምድር፣ በደጋችን የነበረው ሰው ምን እንደሆነ የጻፈ የለም። የተራቆተ ዳገቱ አፈር ብቻ ተሻግሮ ሄዶ ማንዛላ ውስጥ ተቀምጧል።

ይህ መዝገብ በእኛ ዘመን ተቋርጧል። የአስዋን ግድብ በ1964 ወንዙን ሲያስቀይስ፣ በ1970 ተሠርቶ ሲያልቅ፣ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ይሆን የነበረው ደለል ከግድቡ ጀርባ ባለው ሐይቅ ቀረ። የግብፅ ዳርቻ አፈር ሲያጣ ባህር ይበላው ጀመር፤ ናይል ወደ ባህር የሚገባባቸው የረሺድና የዱምያጥ አፎች ወደ ኋላ ሸሹ። በ2025 ደግሞ የህዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ አሁን የዓባይ ጭቃ ገና ጉባ ላይ ሳለ ከመንገዱ መያዝ ጀምሯል። የወደፊት አጥኚ የሜዲትራኒያንን ደለል ሲሰነጥቅ ስሜክታይቱና ፓይሮክሲኑ ድንገት የሳሱበትን መስመር ያያል። ያ መስመር ስለ ዝናብ የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ስለ ሲሚንቶ ነው።

ሜዲትራኒያን ግን የእኛን አፈር የያዘ ብቸኛ ባህር አይደለም። በ1972 ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው የቁፋሮ መርከብ የኤደን ባሕረ ሰላጤን ወለል ቆፈረች። ከወጣው ደለል መካከል ስስ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች ነበሩበት። አመድ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሚቀዘቅዝ ብርጭቆ ነው፤ የእያንዳንዱ ፍንዳታ ብርጭቆ የራሱ የንጥረ ነገር ስብጥር ስላለው ከሌላው አይምታታም። በ1985 አንድሬ ሳርና-ዎይቺትስኪና ባልደረቦቹ ከባህሩ የወጣውን አመድ የብስ ላይ ካለው ጋር አመሳከሩት። ቱርካና ላይ ቱሉ ቦር የሚባለው፣ አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ሲዲ ሐኮማ የሚባለው የአመድ ንጣፍ፣ ባህር ወለል ላይም ተገኘ። ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይታያችሁ። ድንቅነሽ በ1974 የተገኘችው ሐዳር ላይ፣ ከዚያ አመድ ከፍ ብሎ ባለ ንብርብር ውስጥ ነው። የእርሷን ዘመዶች አጥንት የያዘው የአፋር ምድርና የባህሩ ደለል በአንድ አመድ ታሰሩ። ባህሩ ውስጥ ከአመዱ በላይና በታች አቧራ አለ፣ አቧራውም የዘመኑን ድርቀት ይናገራል። ፒተር ደመኖካል ከዓረብ ባህር የተወሰደውን አቧራ በዚህ መንገድ አንብቦ ከ2.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ደረቅ ዘመናት እየበረቱ መምጣታቸውን በ1995 አሳየ። ከዚያ በኋላ የሰው ዘር የተለዋወጠው በድርቀቱ ምክንያት ነው ወይ የሚለው ክርክር አላበቃም። ክርክሩ እንዲኖር ያስቻለው ግን ያ ስስ የአመድ ንጣፍ ነው።

የባህሩን ምስክርነት ማመሳከሪያ ፍለጋ ሊቃውንቱ ወደ እኛው አገር መጥተዋል። በ2014 በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጨው ባሕር በሚባለው ደረቅ የሐይቅ ወለል ላይ 280 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ 620 ሺህ ዓመት የሚደርስ ደለል ወጥቷል። ከሥራው መሪዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው የምድር ሳይንስ ምሁር አስፋወሰን አስራት ነው። እዚያም የሚነበበው ሸክላ ነው፤ ሐይቁ ሲደርቅ ውሃው ጨዋማ ይሆናል፣ ሸክላውም ፖታሲየም ይስባል። ፖታሲየም ሲበዛ ድርቅ ነው፣ ሲያንስ ዝናብ። ሜዲትራኒያን ላይ ጥቁር ንጣፍ ያነጠፈው የመጨረሻው እርጥብ ዘመን ጨው ባሕር ሸክላ ላይም ፖታሲየሙ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ገብቶ ከ5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ወጥቷል።

በ1995 ከሜዲትራኒያን የተቆፈሩት ዓምዶች ዛሬ ጀርመን፣ ብሬመን ከተማ፣ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ናቸው። እዚያ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የባህር ደለል ተደርድሯል። እያንዳንዱ ዓምድ ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ለመዝገብ ይቀመጣል፣ ከግማሹ ደግሞ ለምርምር ይቆረሳል። የጨው ባሕሩ አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ነው የሚጠበቀው። የናሙና ጥያቄ ለማቅረብ አገር አይጠየቅም፤ በቂ ምክንያት ያለው ተመራማሪ ከየትም ይጽፋል። ከአዲስ አበባ፣ ከባህር ዳር፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ዋልካን በእጃቸው ያወቁ ልጆች የሳይት 967ን ጭቃ ጠይቀው ሲያስመጡ ማየት እፈልጋለሁ።